የግራዝማች አብተው ቤት ምሰሶ

በአንድ ወቅት ብዬ ልጀምር እንጂ ወቅቱ ሩቅ አይደለም፤ የሩቅ የሆነው ቤቱ ነው። ወልደየስ እባላለሁ፤ እዚህ መርሐቤቴ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። የምነግራችሁን ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ከፊሉን ከባለቤቶቹ አፍ ሰምቻለሁ። ስጨርስ ትፈርዱልኛላችሁ። እስክጨርስ ግን አታቋርጡኝ። በተለይ አንተ፣ እዚያ ጥግ የተቀመጥከው፣ አመልህን አውቀዋለሁ።

ቤቱ ክብ የድንጋይ ቤት ነው። የሠሩት ግራዝማች አብተው ናቸው፤ አሁን ለሚጣሉት ልጆች ቅድመ አያት መሆናቸው ነው። ግድግዳው ክንድ ተኩል ይወፍራል። ጭቃው ከጭድ ጋር በበሬ ተረግጦ፣ እስኪሸት ቦክቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው ድንጋዩ የተያያዘበት። መሀል ላይ ጣሪያውን የተሸከመ አንድ ምሰሶ አለ፤ ዝግባ ነው። አርባ ሰው ሦስት ቀን እየጎተተ ከቆላ አወጣው ይባላል። እኔ አርባው ውስጥ አልነበርኩም፣ ግን ምሰሶውን አቅፌው አውቃለሁ፤ የአንድ ሰው እጅ አይበቃውም። በልጃቸው ጊዜ ደግሞ ቤቱ ደርብ ተጨመረለት። የደርቡ ወለል ሸክሙን ግማሹን ለግድግዳው፣ ግማሹን ለዚያው ምሰሶ ሰጠ። ወደ ገደሉ የሚያይ መስኮትም ወጣለት፤ ዙሪያው ሐረግ የተቀረጸበት፣ እንግዳ ሁሉ ቆሞ የሚያየው መስኮት።

ግራዝማች ሲሞቱ አንድ ግዝት ትተዋል፤ «ቤቴን የከፈለ፣ ድንጋዩን የተካፈለ የተገዘተ ይሁን» ብለዋል። ስለዚህ ያንን ቤት የሚወርሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው። የመጨረሻው ወራሽ ወዳጄ በየነ ነበር፤ እሱም አምና አረፈ። ሚስቱ እማሆይ አጸደና ሦስት ልጆች ቀሩ። እማሆይ ሰማንያን አልፈዋል፤ እግራቸው አይታዘዝም። ደርቡ ላይ፣ መስኮቱ ሥር ተኝተው ነው የሚውሉት። «ከዚህ ቤት በቃሬዛ ካልሆነ አልወጣም» ይላሉ፤ የሚቀልዱ እንዳይመስላችሁ።

ትልቁ ልጅ ደምሰው ግንበኛ ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ አባቱ በሕይወት ሳለ፣ ከተማ ሠርቶ፣ እጁን አፍታቶ መጣ። ሲመጣ እናቱ በጭስ እያሳሉ አገኛቸው። በዚያ ቤት ምድጃው ምሰሶው አጠገብ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጨስ፣ እንጨቱን ሁሉ ጥቀርሻ አልብሶት ነበር። ደምሰው የእናቱን ሳል መስማት አልቻለም። ሰንበሌጡን አውርዶ ቆርቆሮ አለበሰው። ምድጃውን ወደ ውጭ፣ ወደ ማድ ቤት አወጣው። ጥቀርሻውን ፍቆ ግድግዳውን ኖራ፣ ምሰሶውን ሰማያዊ የዘይት ቀለም ቀባው። እማሆይ ሳላቸው ተወ። አገሩ ሁሉ «ወንድ ልጅ እንዲህ ነው!» አለ። እኔም ብያለሁ፣ ምን እዋሻችኋለሁ። ምስጡን ያን ያህል ዘመን ያራቀው ጭሱ እንደነበረ ከመሀላችን አንድም ያሰበ የለም።

ሁለተኛዋ አስካለ ናት፤ ሳታገባ ከእናቷ ጋር የቀረችው። እናቷን የምታጥብ፣ የምታጎርስ፣ የምታገላብጥ እሷ ናት። የስፌት እጅ አላት፤ ወስፌዋ ከእጇ አይለይም። አንድ እሑድ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል፣ ምሰሶውን ተደግፋ ስትሰፋ ድምፅ ሰማች። ክችክችክች ይላል። መጀመሪያ አይጥ መሰላት። ጆሮዋን ብታስጠጋ ድምፁ ከውስጥ ነው፣ ከላይም ከታችም ነው። ወስፌዋን ቀለሙ ላይ ጫን አደረገችው። ጫን ብቻ ነው ያደረገችው፤ እስከ እጀታው ሰመጠ።

«አያ ወልደየስ፣ ቂጣ የወጋሁ ነው የመሰለኝ» ብላኛለች። ወስፌውን ነቅላ ቀዳዳውን በሰም ደፈነችው። ላይ ወጥታ ለእናቷ ነገረች። እማሆይ ግን አልደነገጡም።

«እኔም ከሰማሁት ቆየሁ» አሏት። «ለወንድሞችሽ ብትነግሪያቸው ነገውኑ ተሸክመው ከተማ ይወስዱኛል። የሰው ግቢ ውስጥ፣ በኪራይ ቤት ልሞት ነው። ማይልኝ።»

«እማዬ፣ እንዴት ብዬ...»

«‹እማዬ ትሙት አልናገርም› በይ።»

ልብ በሉ፣ በራሳቸው ሞት ነው ያስማሏት። አስካለ አለቀሰች፣ ለመነች፤ በመጨረሻ ማለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ አፏን ለጉማ ኖረች። በር አልዘጋ ሲል ታየዋለች፤ ግድግዳው ላይ ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ወጥቶ ጣት ሲያስገባ ታየዋለች። ቤት ጠርጋ ስትጨርስ ምሰሶው ሥር አዲስ ዱቄት ይጠብቃታል። ብትናገር እናቷ በመሐላው ይሞታሉ፤ ባትናገር ቤቱ ይገድላቸዋል። ያቺን ልጅ በዚያ ሰሞን ከስታ አይቻት «ሐዘን ነው» ብዬ አለፍኩ።

ትንሹ ይርዳው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ቤቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ይፈራዋል። «ይህ ቤት አንድ ቀን ይበላናል፤ አፍርሰን በብሎኬት እንሥራ» ሲል ሁላችንም እንስቅበት ነበር። አባቱ በሕይወት ሳለ በዚህ ነገር ተቆጥቶት፣ ከዚያ ወዲህ በዓመት አንዴ ብቅ ቢል ነው። ሲመጣም ከውጭ ሰላም ብሎ፣ እናቱን በመስኮት አነጋግሮ ይሄዳል። ሰው ደግሞ ምን ይላል? «እናቱን የረሳ!» ይላል።

እንግዲህ የበየነ ሙት ዓመት ደረሰ። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ሦስት ቀን ሳያቋርጥ ጥሏል። ደጅ የተጣለው ዳስ ስላፈሰሰ፣ እኩለ ቀን ላይ ፍትሐቱ አልቆ ስንመጣ ስልሳ የምንሆን ሰዎች ክቡ ቤት ውስጥ ታጨቅን። እማሆይ ደርቡ ላይ ብቻቸውን ናቸው። ይርዳው እንደ ልማዱ ቤቱ አልገባም፤ ደጅ መኪናው ውስጥ ነው። እኔ ሽማግሌ ነኝና ጥሩ ቦታ ተሰጠኝ፤ ጀርባዬን ለምሰሶው ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

ጠላዬ ላይ ዱቄት ረገፈበት። እፍ ብዬ ጠጣሁ። ደግሞ ረገፈ። ከዚያ ጀርባዬ ላይ አንድ ነገር ተሰማኝ፤ ምሰሶው ዝቅ አለ። የጣት ያህል ነው፤ ግን ዝቅ አለ። ዕድሜ ነው፣ ራሴን አዞረኝ ብዬ ዝም አልኩ። ወገኖቼ፣ ሰው የሚፈራውን ነገር ላለማመን ስንት ምክንያት ይፈጥራል!

አስካለ ወጥ ይዛ ስታልፍ ጠላዬን አየችው። ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ድስቱ ከእጇ ወደቀ።

«ውጡ! ቤቱ ሊወድቅ ነው፣ ውጡ!»

ማን ይስማት! አንዷ «እኔን! ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ» አለች። ሌላው «ውኃ ርጩባት» አለ። አስካለ ይህን ስትሰማ ወስፌዋን ከመቀነቷ መዝዛ፣ ከአናቴ በላይ ምሰሶው ላይ ሰካችና ወደ ታች ቀደደችው። ቀለሙ እንደ ቆዳ ተላጠ። ምስጡ እየተርመሰመሰ በአንገቴ በኩል ወደ ልብሴ ገባ። ከቀለሙ በስተጀርባ እንጨት የሚባል ነገር የለም፤ አፈርና ዱቄት ነው።

«እማዬ፣ ማሪኝ!» ብላ ጮኸች ወደ ደርቡ፤ መሐላዋን ማፍረሷ ነበር።

ያኔ ሁሉም እግሬ አውጪኝ አለ። በሩ አንድ ነው፤ አስካለ ደጃፉ ላይ ቆማ የወደቀውን እያነሳች፣ የቆመውን እየገፈተረች ስልሳ ሰው አስወጣች። እኔም ሮጫለሁ። የሰው ጋቢ ረግጬ፣ አንዲት አሮጊት አልፌ ነው የሮጥኩት። አታፍርም ወይ ብትሉኝ አፍራለሁ፤ ኋላ ለዚህ ነገር ዳኛ የተደረገው ሰው ማን እንደሆነ እወቁ ብዬ ነው። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ አስካለ ወደ ደረጃው ተመለሰች። ደረጃው ግን ከምሰሶው ጋር የተያያዘ ነበርና ሁለት ቦታ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። እማሆይ ላይ ቀሩ።

ሁላችንም ስንወጣ ደምሰው ገባ። የዳሱን ትልቅ ግንድ ነቅሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ ነው የገባው። ምሰሶው ደርቡን የተሸከመበት ቦታ ሥር ግንዱን አስገብቶ፣ እግሩን በድንጋይ አስደግፎ፣ በራሱም ትከሻ ገፋው። ከደጅ ሆነን እናየዋለን፤ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል፣ አቧራው ይዘንብበታል። ቤቱ እንደሚያቃስት ሰው ድምፅ ያወጣል።

«ይዤዋለሁ!» ይላል። «ግድግዳውን እንዳትነኩ! መሰላል አምጡና በውስጥ በኩል አውርዷት! ግድግዳውን አትንኩብኝ!»

እውነትም ያዘው። ቤቱ ማቃሰቱን አቆመ። መሰላል ግን አልነበረም፤ ያለው ሰፈር ማዶ ነው። ልጆች ሊያመጡ ሮጡ።

ይርዳው መሰላሉን አልጠበቀም። በቤቱና በገደሉ መካከል ያለው መተላለፊያ የበቅሎ መንገድ ነው። መኪናውን በዚያ፣ ወደ ኋላ እየነዳ አስገባው። አፈሩ ረጥቧል፤ የኋላ ጎማው ግማሹ አየር ላይ ነው፤ ድንጋይ ወደ ገደሉ ሲወርድ ይሰማናል፣ መሬት ሲደርስ ግን አይሰማንም። ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ። ይርዳው የመኪናው ጭነት መያዣ ላይ ወጥቶ በዲጂኖ ያንን የተቀረጸ መስኮት መታው። ሁለቴ፣ ሦስቴ። መስኮቱ ከነመቃኑ ወጣ። ገብቶ እናቱን በጀርባው አዝሎ፣ በቀዳዳው በኩል ወጣ። እማሆይ አንገቱን አንቀው ይዘው «መልሰኝ፣ መልሰኝ» ይላሉ። መኪናው ላይ አሳርፏቸው ትንፋሹን ሳይሰበስብ፣ መስኮቱ የነበረበት ግድግዳ ወደ ውስጥ ተናደ።

ደምሰው ከሥሩ ነበር። አስካለ ገብታ በብብቱ ይዛ ጎትታ አወጣችው። ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

አሁን የቤቱ ግማሽ ቆሟል። ምሰሶው ደምሰው በሰካው የዳስ ግንድ ላይ ተደግፎ፣ ቆርቆሮውን ይዞ ቆሟል። እስከ መቼ እንደሚቆም የሚያውቅ የለም። እኔ በዚያ ማለፍ ትቻለሁ፤ በሌላ መንገድ ዞሬ ነው ገበያ የምሄደው። ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮው ይጮኻል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ንግግሩን አቋርጦ ወደዚያ ይዞራል።

እማሆይ እኔ ቤት ናቸው። ሦስት ጉርሻ ከበሉ ብዙ ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። ልጆቻቸውን ጠርተው በሦስት ሽማግሌ ፊት እንዲህ አሉ፤ «ቤቱ አይከፈልም። እኔም አልከፈልም። ሽማግሌዎቹ ቤቱን የሰጡት ልጅ እኔንም ይወስደኛል። ወዴት እንደሚወስደኝ እሱ ይወቅ።»

ሽማግሌዎቹ አባ ኅሩይ፣ አቶ ተሰማና እኔ ነን። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠየቅናቸው።

ደምሰው በክራንች መጣ። «አጥፍቻለሁ» አለ። «ምድጃውን ያወጣሁት እኔ፣ ቀለም ቀብቼ የሸፈንኩት እኔ። ግን ቤቱን የሚያውቀው ሰው እኔ ነኝ። ሁለት ወር ስጡኝ፤ ምሰሶውን እተካለሁ፣ ግድግዳውን እንደ ጥንቱ በቦካ ጭቃ እገነባለሁ፣ ምድጃውንም እመልሳለሁ። ከዚያ እናቴን ቦታዋ ላይ አስተኛታለሁ። ይርዳው ግድግዳውን ባይነካ ኖሮ ቤቱም እግሬም ይተርፉ ነበር።»

አባ ኅሩይ «እናትህ ሁለት ወር የሚቆዩ ይመስልሃል?» አሉት። ደምሰው ክራንቹን አንስቶ ወጣ።

አስካለን ጠየቅናት። «ዛሬውኑ አስገባታለሁ» አለች። «ግማሹ ቆሞ የለም? ከሥሩ አነጥፍላታለሁ፤ አጠገቧ እተኛለሁ። ከወደቀም ሁለታችንም ላይ ይውደቅ። እናንተ ቤቱን ትፈራላችሁ፤ እኔ የምፈራው የሰው ቤት ውስጥ እንዳትሞትብኝ ነው። አንዴ መሐላዋን አፍርሻለሁ፤ ሁለተኛ አላስቀይማትም።»

አቶ ተሰማ ተቆጡ። «ሦስት ወር እያወቅሽ ስልሳ ሰው እዚያ ውስጥ ያስቀመጥሽ አንቺ ነሽ!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። እንባዋን እንኳ አልጠረገችም።

ይርዳው ቆሞ ነው የተናገረው፤ መቀመጥ እንቢ አለ። «አፈርሰዋለሁ። በነገው ቀን። ድንጋዩን ድንጋይ ላይ አልተውም። እናቴን ከኔ ጋር ወስጄ አሳክማታለሁ። ትጥላኝ፣ ትርገመኝ፤ ግን በሕይወት ትኑር። መሰላሉን ብጠብቅ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ተዝካሯ ነበር።»

መሰላሉ የደረሰው ግድግዳው ከተናደ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ነው። ደምሰው እስከዚያ ይይዘው ነበር? «እይዘው ነበር» ይላል። ይርዳው ባይመታው ግድግዳው በራሱ ይናድ ነበር? «ይናድ ነበር» ይላል ይርዳው። እኔ እዚያ ቆሜ አይቻለሁ፤ አላውቅም። እግዜር ያውቃል።

አባ ኅሩይ ለደምሰው ፈረዱ። «አካሉን ለሰጠ ይገባዋል፤ ያጠፋውም እናቱን ብሎ ነው» አሉ። አቶ ተሰማ ለይርዳው ፈረዱ። «በሕይወት ያወጣቸው እሱ ነው፤ በሕይወት የሚያኖራቸውም እሱ ነው» አሉ። ለአስካለ አንድም ሰው አልተናገረላትም። እኔ ወደ አንዱ ባዘነብል ነገሩ ያልቃል። ለአስካለ ብፈርድ ደግሞ ሦስት ቦታ እንከፈልና እማሆይ ራሳቸው ይምረጡ ማለት ይሆናል፤ እሳቸው ማንን እንደሚመርጡ፣ ከዚያስ የት እንደሚተኙ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ዳኛ ነኝ! አስካለ ባትጮህ ኖሮ ጀርባዬን እንደሰጠሁ እዚያው እቀበር ነበር፤ ሕይወቴ የእሷ ነው። ግን ምሰሶው ባዶ መሆኑን እያወቀች ጀርባዬን እንዳስደግፍ የተወችኝም እሷው ናት። ሳስበው ይበርደኛል።

ቃሌን የምሰጠው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ዛሬ ጠዋት እማሆይ ጠሩኝ። እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው አጥንት ብቻ ነው።

«ወልደየስ፣ ለማን ሰጠኸኝ?» አሉኝ።

«ገና ነው እማሆይ» አልኳቸው።

«ፈራህ እንዴ?»

እጄን አስለቅቄ ወጣሁ፤ ቀጥታ ወደ እናንተ መጣሁ። ጨርሻለሁ፤ አሁን ተናገሩ። አንተም የጥጉ፣ አሁን ተናገር። እግሩን ላጣው ልስጣቸው፣ መሐላዋን ላፈረሰችው ልስጣቸው፣ ወይስ መስኮቱን ለሰበረው?